ዘጠኙ ጉበኖች

ስምምነቱ የተፈጸመው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ በጠዋት ሰልፍ መሀል ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ ኢንጂነሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አስቸግረኝ።»

«ሳይት ላይ ዝምድናችን ባይታወቅ ጥሩ ነው። ለእኔ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለአንተው ነው። ነገ አንድ ደህና ሥራ ብሰጥህ ‹የእህቱ ልጅ አዳላለት› ይሉሃል። የሰው አፍ እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

አጎቱ ግንበኛ ነው። የኢንጂነሩ አባት ገና በወጣትነቱ ሲሞት የእህቱን ልጅ ወስዶ፣ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለዚህ ያበቃው እሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ብሎኬት ሲደረድር ኖሮ፣ አሁን ድርጅቱ የእህቱ ልጅ በሚመራው ሳይት ላይ መደበው። የልጁን አዲስ ጫማ አየ። ከዚያ ኖራ የጠጣውን የራሱን ጫማ አየ። ከዚያ ሳቀ።

«ልክ ነህ» አለ። ቆይቶም፣ «ልክ ነዎት ማለቴ ነው፣ ኢንጂነር።»

እዚያው ጀመረ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ «ይቅደሙ» አለው። ኢንጂነሩ ቀደመ። አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ እሱ ተቀመጠ፣ አጎቱ አጠገቡ ቆሞ ሄደ።

«ለአንተው ነው» የተባለው ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። አጎቱ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አጥፎ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነው። ሲስቅ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። እነዚህን እንኳ ኢንጂነሩ በሆዱ ይችላቸው ነበር። ያልቻለው «ድንቡሼ»ን ነው። በሕፃንነቱ ወፍራም ስለነበር አጎቱ ያወጣለት ስም ነው፤ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ ቀጥኖ፣ ክራባት አስሮም ከዚያ ስም አላመለጠም። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ፊት «ድንቡሼ፣ ያንን ሜትር አቀብለኝ» ቢለውስ?

ሌላም ነገር አለ። በድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ቤተሰብ ሲወራ፣ «ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ እሱም ኮንስትራክሽን ዘርፍ ውስጥ ነው ያለው» ብሎ ነበር። አልዋሸም። ግን «ዘርፍ» የምትባል ቃል ስንቱን ትሸፍናለች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «አጎትህ እንዴት ናቸው? ሥራ ይዟቸዋል?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። «በጣም ይዟቸዋል» ይላል ኢንጂነሩ። ይህም ውሸት አልነበረም።

ሳይቱ አዲስ ትምህርት ቤት ነው፤ ዘጠኝ ክፍሎች በአንድ ረድፍ። በሁለተኛው ሳምንት ሠራተኞቹ ለሁለቱም ስም አውጥተውላቸው ነበር። አጎቱ «ጋሽ ቱንቢ» ተባለ፤ እሱ የሠራው ግድግዳ ላይ ቱንቢ ቢጥሉ ክሩ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው እኩል ስለሚወርድ ነው። ኢንጂነሩን ደግሞ «መዝገበ ቃላት» አሉት። ያለ ምክንያት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የጻፈው ጥናት «የበር ክፍሎች ስያሜና አገልግሎት» የሚል ነበር። ስልሳ አራት ገጽ ነው፤ አሥራ አንዱ ገጽ ስለ ጉበን ብቻ ያወራል። በዚያ ጥናት ፈጣሪን አመስግኗል፣ አማካሪውን አመስግኗል፣ ቤተ መጻሕፍቱን አመስግኗል፣ ወረቀቱን ያባዙለትን ሳይቀር አመስግኗል። አሥራ አንዱ ገጽ ከማን እንደተገኘ ግን በግርጌ «አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ የቃል መረጃ» ተብሎ ታልፏል።

አጎቱ ጥናቱን በመነጽር፣ በአንድ ሳምንት፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦት ነበር።

«ይሄ ‹አንድ› የተባለው ሰውዬ ጎበዝ ይመስላል» ብሎ መለሰለት። ሌላ ነገር አላለም።

ግድግዳው በር ራስ ላይ በደረሰ ዕለት ኢንጂነሩ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። መሰብሰብ አያስፈልግም ነበር። ግን የሚያውቁትን ነገር ሳይናገሩ መዋል ለተማረ ሰው ከባድ ነው።

«ጉበን ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሠራተኞቹ ሊንቴል ነው የሚሉት፤ ጉበንን በቅዱስ መጽሐፍ ካልሆነ አልሰሙትም።

«ጉበን ማለት ከበር ወይም ከመስኮት ክፍተት በላይ በአግድም የሚያርፍ ተሸካሚ ነው። ግራና ቀኝ የሚቆሙት መቃኖች ናቸው፤ ከታች የምንረግጠው ደፍ ነው። ጉበን ከላይ ያለውን የግድግዳ ክብደት ይቀበልና ወደ ሁለቱ ጎን ያወርዳል። ስለዚህ በየጎኑ ቢያንስ ሃያ ሳንቲም ግድግዳው ላይ ገብቶ መተኛት አለበት። አለበለዚያ...»

«አለበለዚያ መምህሩ ላይ ይወርዳል» አለች ሞርታር፣ ማለትም የተቦካውን ሲሚንቶ፣ የምታቀብለው ሴትዮ። «ተማሪዎቹ ደስ ይላቸው ነበር።»

ተሳቀ። ኢንጂነሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ቀጠለ። ድሮ በበር ራስ ላይ እንጨት እንደነበር፣ እንጨቱ ሲጎብጥ በሩ እንደሚያጣብቅ፣ ከዚያ አርማታ እንደመጣ፣ ብረቱ ለምን ከታች በኩል እንደሚበዛ። አንዷም ቃል የራሱ አይደለችም። አጎቱ ከግድግዳው ጥግ መዶሻውን ይዞ ያዳምጣል። «በር ማለት በግድግዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ጉበን ሸክሙን ይቀበልና ለጎረቤቶቹ ያካፍላል» ያለው እሱ ነበር፤ ኢንጂነሩ ግን «ቀዳዳ» የሚለውን ወደ «ክፍተት»፣ «ጎረቤቶቹ» የሚለውን ወደ «ሁለቱ ጎን» ቀይሮ ነገሩን ደረቅ ዳቦ አደረገው።

«ጋሽ ቱንቢ፣ እርስዎ ይሄን ያውቁት ነበር?» አለ አናጢው።

«ዛሬ ነው የሰማሁት» አለ አጎቱ። «መማር ጥሩ ነው።»

ኢንጂነሩ ጆሮው ሞቀ። አጎቱም ወዲያው ጥያቄ ጠየቀ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ይቅርታ ኢንጂነር። የጉበኑ ከፍታ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው ብለዋል። ከየትኛው ወለል እንለካው?»

የጥያቄው መልስ ቀላል ነበር። ግንባታን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኢንጂነሩም ያውቀዋል። ግን በዚያች ደቂቃ የሰማው ጥያቄውን ሳይሆን የተጠየቀበትን ድምፅ ነው። እየፈተነኝ ነው አለ በሆዱ። ሰው ፊት ሊያሳጣኝ ነው። አሁን ከዚህ ቀጥሎ ድንቡሼ ይለኛል።

«ስንት ወለል አለ፣ ጋሽ ቱንቢ?» አለና በእግሩ ሸካራውን አርማታ መታ መታ አደረገ። «እዚህ የቆምንበት ነው። ሌላ ምድር ቤት ካዩ ያሳዩን።»

ከዚህ በፊት ከተሳቀው ሁሉ የበለጠ ተሳቀ።

አጎቱ አልሳቀም። የእህቱን ልጅ ትንሽ ትክ ብሎ አየውና ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

«እሺ። እንዳሉ ይሆናል» አለ።

በዚያ ሳምንት ዘጠኙን ጉበኖች አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ እያንዳንዱን በውሃ ልክ እያየ፣ እያንዳንዱን በሁለት በኩል ሃያ አምስት ሳንቲም እያስገባ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ያቺ ሴት ያጠበችው አንድ መጽሐፍ ነው።

ወሩ ሲያልቅ የወለል ሠራተኞች መጡ። በሸካራው አርማታ ላይ ሞርታር አነጠፉ፣ በሞርታሩ ላይ ሴራሚክ ደረደሩ። ሁለቱ ተደምረው አሥራ አንድ ሳንቲም ሆኑ። በማግስቱ አናጢው ኢንጂነሩን ፈልጎ መጣ።

«ኢንጂነር፣ በሮቼ አይዘጉም። በአሥራ አንድ ሳንቲም ረዝመዋል። ወይ በሮቹ አድገዋል፣ ወይ ወለሉ አድጓል።»

«የትኛው ክፍል ነው?»

«የትኛው ያልሆነው ይበሉኝ።»

ኢንጂነሩ ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ብቻውን ገብቶ ሜትሩን ዘረጋ። ከሴራሚኩ እስከ ጉበኑ አንድ ሜትር ከዘጠና ዘጠኝ። ጉበኑ ሥር የገባው የበሩ እንጨት ክፈፍ አምስት ሳንቲም ይወስዳል። ለሰው የቀረው አንድ ሜትር ከዘጠና አራት ነው። ድጋሚ ለካ። ሜትር ግን ይሉኝታ የለውም፤ ያንኑ ነገረው። የአጎቱ ጥያቄ ትዝ አለው። ከየትኛው ወለል? ካለቀው ወለል ነዋ! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የማይስተው ነገር ነው።

ቀና ሲል መስኮቱ ውስጥ አጎቱ ቆሟል። ውጭ ግድግዳ ሲለስን ነበር፤ የግንበኛ ማንኪያውን በእጁ እንደያዘ ልሰናውን ትቶ ያየዋል። አልተቆጣም፣ አልሳቀም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። አንድ ቃል፣ «ጋሼ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣ ኖሮ ቀለም ሳይቀባ፣ ርክክብ ሳይደርስ፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ይስተካከል ነበር። ኢንጂነሩ አንገቱን ደፍቶ ሜትሩን ጠቀለለ።

«ከታች ቁረጣቸው» አለው ወጥቶ ለአናጢው።

«ዘጠኙንም?»

«ዘጠኙንም።»

«እንግዲህ ሊቃውንት የምታውቁት ነገር ይኖራል» ብሎ አናጢው መጋዙን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሩ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በዓይኑ እየለካ ሰነበተ። ስንት ሰው ነው አንድ ሜትር ከዘጠና አራት የሚሞላ? ከመቶ አንድ አይገኝም። ከሁለት መቶ አንድ አይገኝም። በዚህ ስሌት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደው፣ ቀን አፉን ሞላ። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንድ ሜትር ከዘጠና ሰባት ናቸው። ተማሪዎቻቸው «ሰንደቅ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። በአሮጌው ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት በየበሩ ጎንበስ ሲሉ ኖረዋል። በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ስለ ወንበርም፣ ስለ ሰሌዳም፣ ስለ ቀለምም ምንም አላሉም፤ የበሩ ከፍታ እንዲጻፍ ብቻ ነው የጠየቁት፤ ተጻፈላቸውም። በርክክቡ ዕለት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሥራ አስኪያጁ ቀድመው፣ ከኮሚቴው ቀድመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አንደኛው ክፍል ሄዱ።

«ዛሬ እንኳ» አሉ ወደ ኋላ ዞር ብለው እየሳቁ፣ «በገዛ ትምህርት ቤቴ ሳልጎነበስ ልግባ!»

ጓ አለ።

መነጽራቸው አዲሱ ሴራሚክ ላይ ወድቆ ተንሸራተተ። እሳቸው አልወደቁም፤ ግን ለአፍታ የት እንዳሉ ጠፋቸው። ሰዎች ደግፈው የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ጉልበታቸው ጆሯቸው አጠገብ ደረሰ። ግንባራቸው ላይ እብጠቱ ዓይናቸው እያየ ያድጋል። አንድ ሰው ሳቁን ሲውጥ ተሰማ። ርእሰ መምህሩ ግን አልተቆጡም፤ ከዚያ የባሰ ነገር አደረጉ። ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዱ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይነገራቸው ጎንበስ አሉ። ሦስተኛውም ላይ ጎንበስ አሉ። ኢንጂነሩ ከኋላ ሆኖ ያን የታጠፈ ጥቁር ጀርባ ስምንት ጊዜ አየው። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር። መሬቷ ግን ሴራሚክ ለብሳለች።

ግቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ንድፉን ዘርግቶ ጮኸ።

«እዚህ ላይ ሁለት ከአሥር ይላል! ምንድን ነው የሆነው?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመዋል። ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው።

«ልኬቱ በሚወሰድበት ወቅት በአፈጻጸም ረገድ ክፍተት ተፈጥሯል።»

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ባለቤት የለውም። ማንም አላደረገውም፤ እንዲሁ ተፈጠረ። ሥራ አስኪያጁ ግን ባለቤት ፈለገ።

«በማን?»

ኢንጂነሩ ንድፉ ላይ አቀረቀረ። ሞርታር የምታቀብለው ሴትዮ ወደ እሱ አየች፤ አናጢውም አየው። ያን ቀን «እዚህ የቆምንበት ነው» ሲል ሁሉም ሰምተዋል። ግን የቀን ሠራተኛ ኢንጂነርን በሥራ አስኪያጅ ፊት አያጋልጥም፤ ነገ ሥራ ያስፈልገዋል።

«በእኔ ነው» አለ አጎቱ ከኋላ። «ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ሠርተሃል አንተ ሰውዬ?»

«ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከየትኛው ወለል እንደሚለካ አላወቅክም?»

አጎቱ ባርኔጣውን አወለቀ። ኢንጂነሩ ንድፉን ማጠፍ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ የሳይቱ መግቢያ ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ፤ ጋሽ ቱንቢ «በሙያ ብቃት ማነስ» ከሥራ መሰናበቱን ይገልጻል። ማኅተም ነበረው። ከአጎራባች ሳይቶች ሳይቀር ግንበኞች እየመጡ አነበቡት። አንድ ግንበኛ ያለው ነገር ስሙ ነው፤ መዶሻማ ማንም ይገዛዋል። ያ ስም እንደዚያ በአራት ሚስማር ተመቶ ዋለ።

የኢንጂነሩ እናት በሁለተኛው ቀን ደወለች።

«ወንድሜ ቤት ዋለ አሉ። ታመመ እንዴ?»

«አይ እማዬ፤ ትንሽ ይረፍ ተብሎ ነው።»

«ማን ነው እረፍ ያለው? እሱ ማረፍ መቼ ያውቃል? አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ? ምነው ዝም አልከኝ?»

«ሰው እየጠራኝ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ።»

የጠራው ሰው አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ስልኩን ዘግቶ በቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን አየ። ግድግዳው ላይ የምረቃው ፎቶ አለ፤ አጎቱ በተዋሰው ኮት ከጎኑ ቆሟል። ፎቶውን ያየ ሁሉ «እኚህ ማናቸው?» ሲል ይጠይቀው ነበር። እስካሁን ለማንም እውነቱን አልተናገረም፤ «የቤተሰብ ወዳጅ» እያለ ነው ያለፈው። ይህችን ቃል እንዴት እንደረሳት ገረመው። ቀን በቀን ሲናገራት የከረመ ሰው የለመደው ሽታ እንደማይሸተው ሁሉ እሱም አይሰማትም ነበር። አሁን ሸተተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎቱ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው የአጎቱ ሚስት ናት፤ ምንም አታውቅም።

«ውይ የኔ ልጅ! ከሳህ እኮ! ይሄ ሥራ ሊገድልህ ነው እንዴ? ግባ፣ ግባ። ጋሼህ ጓሮ ነው፤ እኔን ቤት ቁጭ ብሎ ሊገድለኝ ነው፤ ሦስት ጊዜ ግድግዳ ልሥራ አለኝ፣ የምን ግድግዳ? ደግነቱ አንተ አለህለት፤ ለኢንጂነሮቹ ተናገርለት እንጂ።»

«እሺ፣ እናገራለሁ» አለ። ዓይኗን ሳያይ አለፋት።

ጓሮ አጎቱ ማንኪያውን፣ መዶሻውን፣ ውሃ ልኩን አጥቦ ዘይት እየቀባ ነበር። ዘይት የሚቀባ ዕቃ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

«ና ድንቡሼ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። የሚለውን ነገር በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጅ መጥቶ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን አላረምከኝም፣ ጋሼ?»

አጎቱ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ማንን ነው የማርመው? የእህቴን ልጅ ቢሆን በኩርኩም ነበር የማርመው፤ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ሥራችንን እንቀጥላለን። አንተ ግን አልተዋወቅንም አልከኝ። የማላውቀው ኢንጂነር ‹ስንት ወለል አለ› ሲለኝ ‹እሺ› ነው የምለው። ሠላሳ አራት ዓመት ለኢንጂነር እሺ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ጥፋቱን ለምን ወሰድክ? እኔን ለማዳን ብለህ...»

«ኧረ ተው!» አለ አጎቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከረረ። «ደግ ሰው አታድርገኝ። አንተን ለማዳን ብዬ አይደለም። አንተ ስለ ምድር ቤት ስትቀልድብኝ አንጀቴ አረረ። ‹ይየው› አልኩ። የመጀመሪያውን ጉበን ሳስቀምጥ ዝቅ እንደሚል አውቅ ነበር። ሁለተኛውንም አውቄ ነው። ዘጠኙንም አውቄ ነው ያስቀመጥኩት፤ ‹አሁን መጥቶ ይጠይቀኛል፣ አሁን ጋሼ ይለኛል› እያልኩ። አልመጣህም። እኔም አላቆምኩም።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አላዋቂ ግንበኛ ቢሳሳት ወግ ነው። አውቆ የሚያጎድል ግንበኛ ግን ምን ይባላል? ደብዳቤው ላይ ‹ብቃት ማነስ› ብለው አሳምረውልኛል። እኚያ ሰውዬ ግንባራቸውን ሲመቱ ያመመኝ እኔን ነው። እሳቸው ምን አደረጉኝ?»

ኢንጂነሩ ይቅርታ ሊለምን ነበር የመጣው። አሁን ይቅርታው አነሰበት። አጎቱን ከሥራ ብቻ አላስወጣውም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያላደረገውን ነገር እንዲያደርግ አድርጎታል። የአጎቱ ሚስት ሻይ ይዛ መጣች፤ ሁለቱም መሬት መሬት ሲያዩ ስታገኛቸው «ምን ጠፋባችሁ?» አለች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመ።

«ከሸካራው ወለል እንዲለካ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ጠይቆኝ ነበር፤ አፌዝኩበት። ወለሉ ሲነጠፍ ስህተቱን አይቼ በሮቹን አስቆረጥኩ። ደግሞ አጎቴ ነው።»

«ማነው አጎትህ?»

«ጋሽ ቱንቢ።»

«እኚያ በዘርፉ ውስጥ ያሉት አጎትህ?»

«አዎ። ዘርፉ ይሄው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ስለ ጉበኑ የተቆጣውን ያህል አልተቆጣም፤ የበለጠ ተቆጣ። ዝምድና መደበቅ በመመሪያው ክልክል ነው፤ ይህን በተመለከተ ቅጽ አለ፤ ቅጹ አልተሞላም። ኢንጂነሩ ከሳይቱ እንዲነሳ፣ ጉዳዩም በዲስፕሊን ኮሚቴ እንዲታይ ተወሰነ።

«ደብዳቤውስ?» አለ ኢንጂነሩ። «የአጎቴ ደብዳቤ ይነሳል?»

«ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲሁ አይነሳም። ኮሚቴ ይፈልጋል። ትምህርት ሊጀመር ግን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ መጥቶ ያፍርስና ይሥራ በለው።»

ስለዚህ ኢንጂነሩ ራሱ ወደ ሳይቱ ሄደ። ደብዳቤውን ከመግቢያው ላይ ነቀለው፤ ይህም በመመሪያው ክልክል ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ሠራተኞቹን ጠራ።

«ዛሬ ደግሞ ስለ ደፍ ነው?» አለ አናጢው።

«ስለ እኔ ነው» አለ ኢንጂነሩና ነገራቸው። ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ጥናቱ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ገጾች የማን እንደሆኑ ጨምሮ። ለሥራ አስኪያጁ መናገር ቀላል ነበር፤ ወንበርና ጠረጴዛ መሀል አለ። እዚህ ግን ሰዎቹ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል። ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች ሞርታር የምታቀብለው ሴትዮ።

«ምኑን?»

«ወለሉን ያን ቀን ሰምተናል። ዝምድናችሁንም ቢሆን... ኧረ ስትራመዱ እንኳ አንድ ናችሁ! እርስዎ ብቻ ነዎት ያላወቁት።»

አጎቱ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ዘይት የጠጡ ዕቃዎቹን በከረጢት ይዞ። ሁሉም ተነሥተው ሰላም አሉት። ኢንጂነሩ የተናገረውን አናጢው በጆሮው ነገረው። አጎቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ምስጋናም፣ ፈገግታም አልነበረበትም። አንደኛው ክፍል በር ላይ ሄዶ ጉበኑን ከታች አየው፤ ርእሰ መምህሩ የመቱት ቦታ ላይ የክፈፉ እንጨት ጭረት ይዟል። በጣቱ ነካው።

«መደገፊያ አምጡ» አለ።

ጉበን ከመፍረሱ በፊት ከላዩ ያለው ግድግዳ በእንጨት ይደገፋል፤ አለበለዚያ ተከትሎ ይወርዳል። አናጢው ሁለት ቋሚ አቆመ። ሦስተኛውን ኢንጂነሩ በትከሻው ያዘ፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከለከለውም። ወጣት ሠራተኛ መዶሻ ይዞ ቀረበ።

«ተው፣ ይሄ የእኔ ነው» አለ አጎቱና ራሱ መሰላሉ ላይ ወጣ።

መታ። ጉበኑ ነጭ ነጥብ አወጣ እንጂ አልተሰነጠቀም። ደግሞ መታ። አርማታው ድንጋይ ሆኗል፤ አሸዋው ታጥቦ፣ ጠጠሩ ተመርጦ፣ ውሃውን ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ሲጠጣ የከረመ ነው። ሃያ አምስት ሳንቲም ግራ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ቀኝ ገብቶ ተኝቷል፤ ልውጣም አይል። ሠራተኞቹ ከበው ያያሉ። አንዱ «ወይ ሥራ!» አለ ቀስ ብሎ፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው።

«እኔ ላግዝህ፣ ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ ከሥር።

«አንተ ያንን ያዝ። ከለቀቅከው ይወርድብናል።»

ያዘ። በእያንዳንዱ ምት እንጨቱ ትከሻውን ያንቀጠቅጠዋል፣ አቧራው አንገቱ ውስጥ ይገባል። ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ የአጎቱን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከሃያ ምት በኋላ ይቆማል፣ ያርፋል፣ ይቀጥላል። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው በገዛ እጁ ደህና አድርጎ የሠራውን ነገር ለማፍረስ ከባድ ጉልበት ይጨርሳል። አመሻሽ ላይ ብረቱ ታየ፤ ያም ቀጥ ብሎ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ከታች በኩል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዱ ወረደ። አጎቱ ከመሰላሉ ወርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ መዳፉ ደምቶ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳያይበት ብብቱ ሥር ሸሸገው። ኢንጂነሩ አይቶበታል። ፊቱን አዞረ፤ ያየውም ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያስገባውን በር ነው። እዚያም ላይ ያው ዓይነት ጉበን፣ ያው ዓይነት ጥሩ ሥራ። ከእሱ አልፎ ሰባት አሉ።